«ኮፒ ነው» የሚሉ ሰዎች የማያዩት ሽማግሌ

ዓመቱ 1893 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ፓሪስ። ሄንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ የተባለው ሠዓሊ ለአንድ አዲስ የህትመት ስብስብ ሽፋን የሚሆን ባለ ቀለም ሊቶግራፍ ሠራ። በምስሉ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ ዣን አቭሪል ናት፤ የሙላን ሩዥ ዳንሰኛ፣ ፓሪስ በስም የሚያውቃት ሴት። ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ካባዋን ደርባ፣ ገና ከማሽኑ የወጣ ወረቀት ይዛ በጥሞና ትመለከታለች። ከእሷ ወዲያ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ማተሚያው ላይ ጎንበስ ብሏል። ታዋቂዋን ዳንሰኛ ቀና ብሎ አያያትም። ሥራ ላይ ነው።

ይህ ሽማግሌ በሠዓሊው ምናብ የተፈጠረ አይደለም። የአንኩር ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። «ፔር ኮቴል» ይሉታል፤ በአማርኛ አባባ ኮቴል እንደ ማለት ነው። ሎትሬክ ሌሊቱን በጭፈራ ቤት አሳልፎ ጠዋት ማተሚያ ቤት ሲገባ ድንጋዩን አዘጋጅቶ የሚጠብቀው፣ ቀለሙን የሚመጥነው፣ ወረቀቱን የሚጥለውና የሚያነሳው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የስብስቡ ስም «ሌስታምፕ ኦሪዢናል» ነበር፤ «ኦሪጅናል ህትመት» ማለት ነው። አዘጋጁ አንድሬ ማርቲ ከ1893 እስከ 1895 ድረስ የ74 ሠዓሊዎችን 95 ሥራዎች አሳተመበት። ጎጋን አለበት፣ ዊስለር አለበት፣ ቦናርና ቩያር አሉበት። በፈረንሳይ ለተነሳው የጥበባዊ ህትመት ትንሣኤ እንደ አዋጅ የሚቆጠር ሥራ ነው። እንግዲህ በአዋጁ ሽፋን ላይ የተሳለው የሠዓሊ ስቱዲዮ አይደለም፣ ፓሌትና ብሩሽ አይደለም። ቀለም የነካው ማሽንና ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ የቀን ሠራተኛ ነው።

ይህን ምስል ይዞ መነሳት የሚያስፈልገው፣ ዛሬም ድረስ በጋለሪ ደጃፍም በሳሎን ግድግዳም ፊት የሚሰማ አንድ ስድብ ስላለ ነው። «ይሄ እኮ ኮፒ ነው።» ቀጥሎም ጥያቄው ይመጣል፦ «ኦሪጅናሉ የት ነው ያለው?»

ጥያቄው ለዘይት ቅብ ፎቶግራፍ ቢሆን ተገቢ ነው። ለሊቶግራፍ ግን መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ሌላ ቦታ የተቀመጠ ኦሪጅናል የለም። ድንጋዩ ላይ ያለው ሥዕል ቀኝና ግራው የተገለበጠ ነው። ባለ አምስት ቀለም ሥራ ከሆነ አምስት ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ ላይ የቀሚሱ ቢጫ ብቻ፣ ሌላው ላይ የጥላው ሰማያዊ ብቻ ይገኛል። አምስቱን ደርድሮ የሚያይ ሰው ሥዕሉን አያገኘውም። ሥዕሉ የሚወለደው ወረቀቱ ላይ ነው። ማኅተም የያዘ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በናሱ ላይ ያለው ጽሑፍ የተገለበጠ ነው፤ ናሱን ይዞ ቢሮ የሚሄድ የለም፤ ጉልበት ያለው ወረቀቱ ላይ ያረፈው ነው። «ይህ የማኅተሙ ኮፒ ነው፣ ኦሪጅናሉን አምጣ» የሚል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እስካሁን አልተፈጠረም። ለምጣድ ማሟሻ የምትጋገረው እንጀራም አለች፤ እሷ የአታሚው የሙከራ ወረቀት ናት። ከእሷ በኋላ የሚወጣው ሁሉ እንጀራ ነው። የሦስተኛው እንጀራ የመጀመሪያው ኮፒ ነው የሚል ማን አለ?

የሥራው ጠባይ ራሱ ብዙዎች ከሚያስቡት የራቀ ነው። ሊቶግራፍን የፈለሰፈው አሎይስ ዜኔፌልደር ነው፤ ሙኒክ የሚኖር ተውኔት ጸሐፊ ሲሆን ድርሰቶቹን በርካሽ የሚያትምበት ዘዴ ፍለጋ ነበር የተነሳው። በ1790ዎቹ መጨረሻ ላይ ደረሰበት። በባቫሪያ ዞልንሆፈን በሚባል ቦታ የሚወጣ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ አለ። በዚያ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ክሬዮን ይሳላል። ከዚያ ጥቂት አሲድ ጠብ ያለበት የግራር ሙጫ ይቀባል። ሙጫው ያልተሳለበትን ቦታ ውሃ ወዳድ ያደርገዋል፤ የተሳለበት ቅባት እንደያዘ ይቀራል። ድንጋዩ በስፖንጅ ሲረጥብ ውሃው ባዶውን ቦታ ይይዛል። ቅባት ያለው ቀለም በሮለር ሲያልፍበት በውሃው ላይ አያርፍም፤ ክሬዮኑ በነካበት ላይ ብቻ ይጣበቃል። ቅርጽ ማውጣት የለም፣ መቆፈር የለም፤ ዘይትና ውሃ ስለማይስማሙ ብቻ የሚሆን ሥራ ነው። (ያ ሙጫ ከአፍሪካ ግራር የሚለቀም መሆኑን የፓሪስ የጥበብ መጻሕፍት ብዙም አያነሱትም። ዛሬ ዋነኛዋ አቅራቢ ሱዳን ናት፤ ኢትዮጵያም ከቆላ አካባቢዎቿ ታወጣለች።)

በቀለም ሲሆን ደግሞ ያው ሥራ ለእያንዳንዱ ቀለም እንደ አዲስ ይደገማል። ወረቀቱ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ልክ በቀድሞው ቦታ ማረፍ አለበት። በአንድ ሚሊሜትር ቢዛባ የዳንሰኛዋ ከንፈር አገጯ ላይ ይወርዳል። ውሃው ቢበዛ ቀለሙ ይገረጣል፤ ቢያንስ ድንጋዩ በሙሉ ይጠቁራል። ሎትሬክ በጥርስ ብሩሽ ቀለም እየረጨ እንደ ጭጋግ ያሉ ጥላዎችን ይሠራ ነበር። ያን የርጭት ነጠብጣብ ሳያጠፋ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ወረቀት ላይ ማውጣት የአባባ ኮቴል ሙያ ነው። ይህን ሁሉ «አዝራር ተጭኖ የወጣ» ብሎ የሚያጣጥል ሰው ማተሚያ ቤት ገብቶ አያውቅም።

እርግጥ ነው፣ ስድቡ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክሮሞሊቶግራፍ የሚባል የቀለም ህትመት በአውሮፓ ተስፋፋ። በዚህ ዘዴ ሠዓሊው በዘይት ቀለም ይስላል፤ ከዚያ የማተሚያ ቤት ባለሙያዎች ያንን ሥዕል እያዩ በአሥርና በሃያ ድንጋይ ይገለብጡታል። ለሳሙና ማሸጊያ፣ ለብስኩት ቆርቆሮ፣ ለቅዱሳን ምስል ዋለ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሸጡትን የታተሙ ምስሎች የሚያውቅ አንባቢ ያንን የሚያብረቀርቅ ቀለም በዓይነ ኅሊናው ማምጣት አይቸግረውም። እዚህ ላይ «ኮፒ ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ቀድሞ የተሳለ ሌላ ሥዕል አለና። ስድብ መሆኑ ግን አሁንም ያጠያይቃል፤ አንዲት ደሃ እናት የምትጸልይበት ምስል ርካሽ ስለሆነ ማፈር ያለባት እሷ አይደለችም።

ችግሩ የጥበብ ሹማምንቱ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመለየት አለመፈለጋቸው ነው። ለህትመት ታስቦ፣ በሠዓሊው በራሱ እጅ ድንጋይ ላይ የተሳለውን ሥራና ከዘይት ቅብ የተገለበጠውን የብስኩት ማሸጊያ በአንድ ከረጢት ከተቷቸው። በ1891 የፈረንሳይ ሠዓሊያን ማኅበር በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ትልቁ አውደ ርዕይ፣ ሳሎን በሚባለው፣ የህትመት ክፍሉ ደንብ በቀለም የተሠራ ሥራ እንደማይቀበል ደነገገ። ጥቁርና ነጭ ብቻ። ደንቡ እስከ 1899 ጸና። በ1898 እንኳ ሄንሪ ለፎር የተባለው የመዳብ ህትመት ባለሙያ ህትመት በመሠረቱም በወጉም የጥቁርና የነጭ ጥበብ ነው ብሎ ይሟገት ነበር። ሰውየው ሞኝ አልነበረም፤ ሙያውን የሚያከብር ሰው ነበር። ግን ሙያን ማክበርና ለሙያ በር ጠባቂ መሆን ለየቅል ናቸው። ቀለም ከገባ የሳሙና ማሸጊያው ተከትሎ ይገባል ብሎ ፈራ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ዛሬ ከዚያ ዘመን የፈረንሳይ ህትመት ሕዝብ የሚያስታውሰው ምንድን ነው ቢባል ሳሎን የከለከለውን የቀለም ሥራ ነው።

አስገራሚው ደንቡ በወጣበት በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በታኅሣሥ 1891፣ ፓሪስ ግድግዳ ላይ የሆነው ነው። የሎትሬክ የመጀመሪያ ፖስተር ተለጠፈ። ላ ጉሉ የተባለችው ዳንሰኛ በሙላን ሩዥ መሀል ላይ፣ ዙሪያዋን ጥቁር ጥላ የሆነ ተመልካች፣ ከፊቷ ረጅሙና ቀጭኑ አብሯት የሚጨፍረው ቫላንተን። የታተመው 3,000 ያህል ነው። ሳሎን በሩን ሲዘጋ መንገዱ ክፍት ነበር። የ1881ዱ የፕሬስ ሕግ ፖስተር መለጠፍን ነፃ አድርጎት ነበር፤ ዡል ሼሬ ደግሞ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ትልልቅ የቀለም ፖስተሮችን እየሠራ የከተማዋን ዓይን አሰልጥኖ ነበር። የሎትሬክን ሥራ ለማየት የመግቢያ ትኬት አልተጠየቀም። ልብስ አጣቢዋም፣ ጋሪ ነጂውም፣ ባንከሩም እኩል ቆመው አዩት። አንዳንዱማ ወዶት ሌሊት ከግድግዳው በእርጥብ ስፖንጅ እየላጠ ወሰደው። ሕጋዊ አልነበረም፤ ግን ለአንድ ሥዕል ከዚህ የበለጠ የምስጋና ወረቀት የለም።

እስከዚህ ያለው በር ጠባቂዎቹ የተሸነፉበት ታሪክ ነው። የሚያናድደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ትንሣኤውን ያዳከሙት ጠላቶቹ ብቻ አይደሉም። ወዳጆቹም ናቸው።

«ኮፒ ነው» የሚለውን ስድብ የሰሙት የህትመት ነጋዴዎች መልስ መፈለግ ነበረባቸው። ትክክለኛው መልስ በእጃቸው ነበር፦ ይህ ሥራ ለብዙ ሰው እንዲደርስ የተሠራ ኦሪጅናል ነው ማለት። የመረጡት ግን ሌላ ነው። ከስድቡ ጋር ተስማሙ። ብዙ መሆን ውርደት ነው ብለው ተቀበሉና «የእኛ ግን ጥቂት ነው» አሉ። መቶ ብቻ። ከታች በእርሳስ ቁጥር፣ ፊርማ፣ የአሳታሚው ማኅተም። ያ 3,000 ወረቀት ያወጣ እጅ በመቶ ላይ እንዲቆም ተደረገ። «ሌስታምፕ ኦሪዢናል» ራሱ እያንዳንዱን ሥራ ያሳተመው በ100 ብቻ ነበር፤ አዋጁ ከነሽፋኑ፣ ከነአባባ ኮቴል፣ ለመቶ ሰው ብቻ ተነበበ።

በ1896 ጉስታቭ ፔሌ የተባለው አሳታሚ የሎትሬክን «ኤል» የተሰኘ ተከታታይ ሥራ አወጣ፤ «እነሱ» ማለት ነው፣ ስለ ሴቶች ሲነገር። ርእሰ ጉዳዩ በሴተኛ አዳሪ ቤት የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። ከሎትሬክ ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያክል ርኅራኄ ያለበት ማግኘት ይከብዳል። አንዷ ትታጠባለች፤ አንዷ ፀጉሯን ታበጥራለች፤ አንዷ በእጅ መስታወት ፊቷን ታያለች፤ አንዷ አልጋ ላይ ተዘርራለች፣ የደከማት እንጂ የምታባብል አይደለችም። ደንበኛ በምስሎቹ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ሴቶቹ የሚታዩት ሥራ በሌለበት ሰዓት ነው፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ። ያተማቸው ኦጉስት ክሎ ነው፤ በዘመኑ ወደር ያልነበረው አታሚ። እትሙ 100። ፔሌ ቁጥርና ማኅተም አደረገበት። አልተሸጠም። ብልግና የጠበቀ ገዢ ብልግና አላገኘም፤ ክብር የጠበቀው ሀብታም የሴተኛ አዳሪ ገላ መታጠቢያ ሳሎኑ ላይ ሊሰቅል አልፈለገም። ለዚያ ሥራ ልብ የነበረው ሰው፣ መንገድ ላይ ቆሞ ላ ጉሉን ያየው ሰው፣ ዋጋው ደጃፉን አላስረገጠውም።

ሌላው ነጋዴ አምብሯዝ ቮላርም ዕጣው ይኸው ነበር። በ1896ና በ1897 የሠዓሊ ህትመቶችን አልበም በመቶ እትም አወጣ፤ እሱም ሥራውን የሰጠው ለክሎ ነው። ገበያው ቀዘቀዘ፤ ሦስተኛው አልበም ሳይወጣ ቀረ። እንግዲህ ጥቂት ማድረግ ለክብር ነው ከተባለ ክብሩን በዚያን ጊዜ አላመጣም፤ ለገንዘብ ነው ከተባለም ገንዘቡን አላመጣም። ብሩ የመጣው ሎትሬክ በ1901 በ36 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ነው፤ የተጠቀሙትም ሌሎች ናቸው።

ለእውነት ሲባል፣ ቁጥር ማድረግን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት ነገር አላቸው። ድንጋይ ውድ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ተፍቆ ለሌላ ሥዕል ይውላል፤ ስለዚህ እትም አንድ ቦታ ማለቅ አለበት። ልክ ነው። ብዙ ሲታተም ረቂቁ መስመር ይደክማል ይላሉ። ይህም በመጠኑ ልክ ነው፣ በተለይ በመዳብ ላይ በመርፌ ለሚጫር ህትመት። ገዢው «ነገ ሌላ ሺህ ታትሞ የእኔ ዋጋ ይወድቃል» ከሚል ስጋት ይጠበቃል ይላሉ። ይህ ደግሞ የውል ጉዳይ ነው፤ ውል ደግሞ ይከበራል። ሠዓሊውስ ምን ይብላ የሚለው ከሁሉም ይከብዳል፤ ለሦስት ሺህ ሰው በርካሽ ሸጦ ማሰባሰብ ለመቶ ሰው በውድ ከመሸጥ ይልቅ እንግልት አለው። አንዱም ክርክር ግን ቁጥሩን የጥበቡ መለኪያ አያደርገውም። 7/100 የሚል ጽሑፍ ስለ ንግድ ውሉ ይናገራል። ስለ ሥዕሉ የሚለው አንዳች ነገር የለም። ዛሬ ግን ገዢው ወረቀቱን ሲያነሳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከታች፣ እርሳሱ ላይ ነው።

ዓይን እርሳሱ ላይ ካረፈ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሳልቫዶር ዳሊን ማንሳት ይበቃል። ዳሊ በባዶ ወረቀት ላይ እየፈረመ ይሸጥ ነበር። በ1974 የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ወደ አንዶራ የሚሄድ አንድ መኪና ሲፈትሹ የዳሊ ፊርማ ብቻ ያረፈባቸው 40,000 ያህል ባዶ ወረቀቶች ተገኙ። ምስል የለም። ድንጋይ የለም። ፊርማ ብቻ። ከዚያ ወዲያ በዳሊ ስም የሚሸጥ ህትመት ሁሉ የሚጠረጠር ሆነ፤ እስከ ዛሬም ገበያው አልዳነም። ሰዎች ይህን የአንድ ሠዓሊ ስግብግብነት አድርገው ይተርኩታል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ገበያው ለሰማንያ ዓመት ያህል ሰዎችን «የሚገዛው ፊርማው ነው» ብሎ ካስተማራቸው በኋላ፣ አንድ ብልጥ ሰው ሥዕሉን ትርፍ ወጪ አድርጎ ቢቀንሰው ምን ይደንቃል?

ተቃራኒውን መንገድ ያሳየችው አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ጁን ዌይን ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊቶግራፍ ለማሳተም ከካሊፎርኒያ እስከ ፓሪስ መሄድ ነበረባት፤ በአገሯ ከሠዓሊ ጋር አብሮ የሚሠራ የድንጋይ አታሚ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበርና። ችግሩን በትክክል አየችው። የጎደለው ሠዓሊ አይደለም፤ ሠዓሊ ሞልቷል። ነጋዴም አልጎደለም። የጎደለው አባባ ኮቴል ነው። በ1960 በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታማሪንድ የተባለውን የሊቶግራፍ አውደ ጥናት ከፈተችና አታሚዎችን ማሠልጠን ጀመረች። በ1970 ወደ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ዛሬም ይሠራል። በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች የተከፈቱ የሊቶግራፍ ማተሚያዎች ታማሪንድ ባሠለጠናቸው ሰዎች ቆመዋል።

ከዚያም በላይ ታማሪንድ አንድ ትንሽ ልማድ አጸና፤ ከፊርማው ሁሉ የሚበልጥ። በእያንዳንዱ ወረቀት ጠርዝ ላይ ያለ ቀለም፣ ወረቀቱን በመጫን ብቻ የሚወጡ ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ይደረጋሉ። አንዱ የአውደ ጥናቱ ነው፤ ሌላው ያንን ሥራ ያተመው ሰው የግል ምልክት ነው። ከሥራው ጋርም ስንት እንደታተመ፣ በምን ወረቀት፣ በስንት ቀለም፣ ድንጋዩ ተፍቆ እንደሆነ የሚገልጽ ሰነድ ይያዛል። ታማሪንድም ከቁጥር በሽታ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ እትሞቹ ከመቶም ያነሱ ነበሩ። ግን ቢያንስ ወረቀቱን በጣቱ የዳሰሰ ሰው ሁለተኛ እጅ እንደነበረበት ያውቃል።

ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ የትም እንደሚጠፋ፣ ከተላለፈም የትም እንደሚበቅል አዲስ አበባም ምስክር ናት። ሐንሰን ባሂያ በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊ የእንጨት ህትመት ባለሙያ፣ ስሙን ከሚወዳት የብራዚል ግዛት የወሰደው፣ ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። የእንጨት ህትመት የባቫሪያ ድንጋይ አይጠይቅም፤ ጣውላ፣ ስለት፣ ቀለምና ጀርባውን የሚያሽ ማንኪያ ካለ ይሠራል። ሦስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ከተማሪዎቹ መካከል ዘሪሁን የትምጌታን የሚያክል ሠዓሊ ወጣ። አንድ አስተማሪና ጥቂት ስለት ይህን ካደረገ፣ ህትመትን የሥነ ጥበብ የእንጀራ ልጅ አድርጎ ማየት በምን ይጸድቃል?

አሁን ደግሞ አዲስ ማታለያ መጥቷል። የዘይት ቅብ ፎቶ ይነሳል፤ በትልቅ ኢንክጄት ፕሪንተር ጥሩ ወረቀት ላይ ይወጣል፤ ከታች በእርሳስ 12/50 ይጻፍበትና «ውስን እትም ህትመት» ተብሎ ይሸጣል። አንዳንዱ ደፍሮ «ሊቶግራፍ» ይለዋል። ኢንክጄት ኃጢአት አይደለም። ሠዓሊ ሥራውን በዚያ መንገድ ለብዙ ሰው በርካሽ ቢያደርስ እሰየው ነው። ኃጢአቱ ሁለት ነው፤ ያልሆነውን ስም መስጠት፣ ፋይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ አምስት ሺህ ማውጣት እየተቻለ የሃምሳን ድንበር እንደ ተፈጥሮ ሕግ አስመስሎ ዋጋ መቆለል። ይህ እውነተኛ ኮፒ ነው፤ እንደ ኮፒ አለመሸጡ ነው ነውሩ። ሎትሬክን «ኮፒ» ብሎ የናቀ ሰው ግን ይህንን በፍሬም አድርጎ ይሰቅለዋል፤ ቁጥር አለዋ።

አንባቢ ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። አንድ አጉሊ መነጽር ይበቃል። በኦፍሴት የታተመ ምስል ሲጎላ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ክብ ነጥቦች ይሆናል፤ ልክ እንደ ጋዜጣ ፎቶ። (ኦፍሴት ራሱ የሊቶግራፍ ልጅ ነው፤ ድንጋዩ በስስ ብረት ተተካ እንጂ የዘይትና የውሃው ጠብ ያው ነው።) ኢንክጄት ደግሞ ደቃቅ የቀለም ርጭት ያሳያል። በድንጋይ ላይ በክሬዮን የተሳለ ግን ሥርዓት የለውም፤ የድንጋዩ ሻካራ ፊት ክሬዮኑን የነከሰበት፣ አንዱ ከአንዱ የማይመስል ፍርፋሪ ነው። ሻጩም ሊጠየቅ ይገባዋል። ይህን ምስል መጀመሪያ የተሳለው ምን ላይ ነው? ማን አተመው? በምን ዘዴ? ሌላ መጠን ያለው ወይም ሌላ ቁጥር የተሰጠው እትም አለው? ለአራቱ መልስ ያለው ነጋዴ ሺህም ቢያትም ሊታመን ይችላል። መልስ የሌለው አሥር ብቻ ቢያትምም ወረቀትና እርሳስ ነው የሚሸጠው።

የ1893ቱ ሽፋን ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ይገኛል። ለብርሃን ስስ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በመሳቢያ ውስጥ ነው። የመግለጫ ካርዱ ላይ ሠዓሊው አለ፤ አሳታሚው ማርቲ አለ፤ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አንኩር አለ። ዣን አቭሪልም በስሟ ትጠራለች። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ባለበት ወረቀት ላይ ቁጥሩ በጥንቃቄ ተመዝግቧል። መቶውንም ወረቀት አንድ በአንድ ማሽን ውስጥ ከሚያሳልፉት ሰዎች አንዱ የነበረው ሽማግሌ የፈረመበት ጠርዝ ግን የለም። ቆቡን እንዳደረገ፣ ጎንበስ እንዳለ፣ እዚያው ምስሉ ውስጥ ማተሚያውን ይዟል።